ቡላ የበላችው ቀይ መኪና

የጅማ ጊንጆ ሰፈሩ ከሊል መኪና ሲመረምር ያየ ሰው ሐኪም ነው ይላል። ሞተሩን ያስነሳና የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግፋል። ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ መርዶ እንደሰማ ሰው ከንፈሩን ይመጣል። ባለመኪናው በዚያች ደቂቃ አምስት ዓመት ያረጃል። አንዳንድ ቀን ምንም ሳይሰማም ከንፈሩን እንደሚመጥ ሚስቱ ሀጂራ ለሴቶቹ አውርታለች፤ ሴቶቹ ደግሞ ለእኛ።

ሙያውን ያስተማረው ሰው የለም። አባቱ ለጣሊያኖች ጎማ ይለጥፉ ነበር። ጣሊያኖቹ ትተውት የሄዱትን የጭነት መኪና ሬሳ ከሊል በልጅነቱ ሲፈታና ሲገጥም አደገ። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላው ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ቡና የሚጭኑትን መኪኖች ገመና የሚያውቀው እሱ ነበር። ጋራዥ ግን የለውም። የሚሠራው እግቢው ውስጥ፣ ዋንዛው ሥር ነው። አንድ ጉድለት ነበረበት፤ «አላውቅም» የምትለዋን ቃል ሲናገር የሰማው የለም።

ግቢዬ ይላል እንጂ ግቢው የእሱ አልነበረም። ቤቱን አባቱ በእጃቸው ሠርተውታል፤ መሬቱ ግን የቀኛዝማች ወልደሰማያት ነው። ቀኛዝማች ለአባትየው «ተቀመጥበት» ብለው በአፍ ሰጥተዋል። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም። አባትየው ሲሞቱ ቃሉ ብቻውን ቀረ። ያኔ ጅማ ውስጥ ስንቱ ሰው እንዲህ በሰው መሬት ላይ በራሱ ቤት ይኖር ነበርና ነገሩ ማንንም አይደንቅም፤ የሚያስደነግጠው ባለመሬቱ አንድ ቀን መሬቱ ትዝ ሲለው ነው። ቀኛዝማችም የቡና መጋዘን የሚሠሩበት ቦታ ይፈልጋሉ የሚል ወሬ ከመስከረም ጀምሮ ይናፈስ ነበር። ከሊል ወሬው ደርሶታል። ሁለት ሴት ልጆችና አንዲት ሚስት ይዞ የት ይገባል?

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ጥር ላይ የቀኛዝማች ልጅ ፍስሐ ሊያገባ ሆነ። ፍስሐ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ውጭ አገርም ደርሶ የመጣ ነው። ያመጣውን የትምህርት ወረቀት ያየ የለም፤ ያመጣትን መኪና ግን ሁላችንም አይተናል። ቀይ ናት። የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ጣራዋ የሚታጠፍ ጨርቅ ነው። ከመሬት ያላት ከፍታ ድመት አጎንብሳ የምታልፍበት ያህል ነው። ከቀኛዝማች በር ብቅ ስትል ሰፈሩ «ምላስ» ብሎ ስም አወጣላት። ሙሽራይቱ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ልጅ ናት፤ ፍስሐ በዚችው መኪና ይዟት ሊመጣ ለአማቾቹ ቃል ገብቷል። ቃሉን ሊያሳምር ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው እሷን እየነዳ አጋሮ ገባ፤ አማቾቹ ከበው ሲያደንቁ ምላስ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረች። ሙቀት የምታሳየው መርፌም ወደ ቀይ ተሳበች። ፍስሐ መኪናዋን እዚያው አቁሞ በሰው ላንድሮቨር ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ከሊል መንደራ ሰፈር፣ ቀኛዝማች ቤት ተጠራ። ቀኛዝማች በረንዳ ላይ እንደቆሙ፣ አጋሮ ሄዶ መኪናዋን እንዲያመጣና እንዲያበጃት አዘዙት። ከሊል እንዲህ ያለ ሞተር ከፍቶ አያውቅም። ቢሆንም የአንድ ቀን ሥራ ናት አለ። ቀኛዝማች ግን ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር።

«እሑድ ይቺ መኪና ሙሽራ ካላመጣች፣ ሰኞ ያንን ግቢ እፈልገዋለሁ» አሉት።

ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ከሊል እጅ ነስቶ ወጣ።

አጋሮ ያደረሰው ጠሃ ነው። ጠሃ ቡና የሚጭን ሾፌር፣ የከሊል የልብ ወዳጅ፣ ለሁሉ ነገር ምክር ያለው ሰው ነው፤ ሚስት ለፈታ ምክር አለው፣ ጥርስ ላመመው ምክር አለው። ከሊል መኪናዋን ከፍቶ ሲያይ ሕመሟ ገባው። ሞተር ሲሠራ ይግላል፤ ውሃ በውስጡ እየዞረ ካላቀዘቀዘው ይቃጠላል። ውሃውን የምታዞረው ፖምፓ የምትባል የእጅ መዳፍ የምታህል ዕቃ ናት። የምላስ ፖምፓ ወገቧ ላይ ላልታ ውሃ ታፈስሳለች። የሚሻለው በገመድ አስሮ መጎተት ነበር። ግን የሙሽራ መኪና በአማቾች ፊት እንዴት ይጎተታል? ውሃ ሞልቶ እየነዳ ወጣ፤ ጠሃ በጭነቱ ተከተለው።

የቡ የምትባለውን ከተማ ሳያልፉ መርፌዋ እንደገና ተነሳች። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ወጣ። ያኔ ነው ጠሃ ምክሩን ያመጣው፤ ቡላ ጨምርበት አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያነባ የነበረውን የራሱን ራዲያተር ሁለት እፍኝ ቡላ ጨምሮ ነው ዝም ያሰኘው። በዚያ መንገድ ላይ ያሉ የጭነት ሾፌሮች ሁሉ ይህን ያደርጉ ነበር፤ ከእንሰት የሚወጣው ያ ነጭ ዱቄት ሙቅ ውሃ ሲያገኘው ይወፍርና ስንጥቁን ይደፍናል። ከሊልም ስንት ጊዜ አድርጎታል። ችግሩ የጭነት መኪና ሆድ ሰፊ መሆኑ ነው። የምላስ አንጀት ደግሞ እንደ ባለቤቷ የቀጠነ ነው። ይህን ሳያስብ የቡ ገበያ ላይ ቡላ ገዝቶ ሁለት እፍኝ ጨመረ። ከዚያ የማን መኪና እንደሆነች ትዝ አለውና ለአክብሮት ሦስተኛ ጨመረላት።

ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብ የምትል ነገር አልነበረም። ጠሃ ማሻአላህ አለ። ጅማ ሊገቡ ጥቂት ሲቀር ከሞተሩ አንድ ሲጢጥ የሚል ድምፅ መጣ፤ ፖምፓዋን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ጨሰ፤ ፖምፓዋ ደርቃ ቆመች። ምላስን በቡና ጆንያ ሸፍነው በገመድ እየጎተቱ ጊንጆ አስገቧት። ሀጂራ በሩን ከፍታ፣ ማን ሞቶ ነው ስትል ጠየቀች።

ከሊል የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ አየ። ገንፎ ነበር። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ማንኪያ የሚያቆም ገንፎ። ቅቤና በርበሬ ብቻ ነው የቀረው።

በማግስቱ ፍስሐ መጣ። ከሊል ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ የማይሠራ ሞተር አዳመጠና ከንፈሩን መጠጠ። ፖምፓዋ አርጅታለች፣ አዲስ ያስፈልጋል አለ። ስለ ቡላው አልተነፈሰም። ፍስሐም አምኖ አዲስ አበባ ስልክ መታ፤ ዕቃው ዓርብ በአውቶቡስ ይደርሳል ተባለ። ከሄደ በኋላ ከሊል ዋንዛው ሥር ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ያቺን መኪና ሌላ ሰው ከፍቶ ገንፎውን ቢያይ፣ እሑድንም መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ አሮጌዋን ፖምፓ ለማውጣት ሄዱ። ምላስን የሠራ ሰው ጠጋኝ የሚባል ፍጡር ጠላቱ ሳይሆን አይቀርም። ፖምፓዋ አራት ብሎን አላት፤ ሦስቱ እሺ አሉ፤ አራተኛው ከኋላ፣ የሰው እጅ በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከሊል እጁን ቅቤ ቀብቶ ሞከረ። ቆዳው ተገፈፈ፣ ብሎኑ አልተነቃነቀም። ጠሃም ሞከረ፤ የእሱ እጅ እንደ አካፋ ነው። በመጨረሻ ሀጂራ አምባሯን አወለቀችና ዘወር በሉ አለች። ቀጭን እጇን እስከ ክንዷ ሰደደች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሩብ እየዞረች፣ ሩብ እየዞረች ግማሽ ቀን ፈጅታ ብሎኑን አወጣችው። ስትጨርስ ክንዷ አብጦ ነበር። ሴት መኪና ውስጥ ገባች የሚለው ወሬ ለሁለት ቀን ሰፈሩን መገበ፤ ወሬውን እግዚአብሔር ይስጠውና፣ ለከሊል ከቡላው ዓይናችንን አነሳለት።

ከሊል ጣቱ በደረሰበት ሁሉ ገንፎውን ጠረገ፤ በሽቦ፣ በላባ፣ በሀጂራ የወጥ ጭልፋ። ምግብ አይበላም። ሌሊት ተነስቶ በር ላይ ቆሞ ግድግዳውን ይዳስሳል ብላ ሀጂራ ተናግራለች።

አዲሷ ፖምፓ ዓርብ ደረሰች። ከሊል ጁምዓ ሰግዶ ተመልሶ ካርቶኑን ሲከፍት፣ በፖምፓዋና በሞተሩ መሀል ገብቶ ውሃ እንዳያልፍ የሚይዘው ወረቀት መንገድ ላይ ተቀዷል። በጅማ ያንን የሚያህል ጠንካራ ወረቀት ፈልጎ አጣ። ጠሃ ኪሱ ውስጥ የፍስሐ የሠርግ ጥሪ ነበረው፤ ወፍራም፣ ባለ ወርቅ ጽሕፈት። ከሊል በመቀስ ቅርጿን አወጣና ዘይት አጠጥቶ አስቀመጠው። የሙሽራው ስም ከአንድ ብሎን ቀዳዳ ጎን ይነበብ ነበር።

ፖምፓዋ ተገጠመች። ውሃ ተሞላ። ሞተሩ ተነሳ። መርፌዋ ወደ መሀል መጣች፣ መሀልን አለፈች፣ ወደ ቀይ ሄደች። ያ የሰኞው ሲጢጥታ ሲጀምር ከሊል ሞተሩን አጠፋ። ፖምፓዋን መልሶ ሲያወርድ፣ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ጣትም ሽቦም ከማይደርስበት ቦታ የመጣ ነጭ ጓል ክንፏ ላይ ተለጥፏል። ገንፎው እውስጥ ነበር፤ ሞልቶ፣ ደርቆ፣ ተኝቶ። ሞተሩን ሙሉ በሙሉ መፍታት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የቀረው አንድ ቀን ነው።

ከሊል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «አላውቅም» አለ። ለማንም አይደለም፤ ለዋንዛው ነው ያለው። ሀጂራ ከኋላው ቆማ ሰማችው፤ ከልቅሶ በላይ ይህ ነው ያስፈራኝ ትላለች።

ሎሚ ሞከሩ። አመድ ሞከሩ። ሳሙና ሞከሩ፤ አረፋው ከራዲያተሩ ወጥቶ ልጆቹን አስደሰተ፣ ገንፎው ግን ከቦታው አልተነሳም። ቅዳሜ ማለዳ ሀጂራ አንድ ነገር ትዝ አላት። ከአጥሩ ባሻገር እትዬ አሰገደች ጠላ ይሸጣሉ፤ ከመንዝ ወታደር ባላቸውን ተከትለው የመጡ፣ ባል ሞቶባቸው እዚሁ የቀሩ አሮጊት ናቸው። አንድ ጊዜ በአጥር ሲጨዋወቱ፣ ገንፎ ምን ቢወፍር የብቅል ዱቄት ጣል ሲደረግበት ውሃ ይሆናል ብለዋት ነበር። ሀጂራ ሄዳ አንድ ሳህን ብቅል ለመነች። እስላም ቤት ብቅል ምን ይሠራል ቢሏት፣ ለመድኃኒት ነው አለች። እትዬ አሰገደች በዓይናቸው ገረፍ አድርገዋት ሰጧት። ከሊል ሃይማኖቴን ይነካል ብሎ ሲያመነታ ሀጂራ፣ «ገብስ ነው፤ ገና አልሰከረም» አለችው።

ውሃ ክፉኛ አፍልተው ብቅሉን በጠበጡና በሞተሩ አፍ ገለበጡት። ጠበቁ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ገንፎው እንደነበረ ነው። እንዲያውም የብቅል ሽታ ተጨመረበት።

እንግዲህ የሚቀረው አንድ መንገድ ነው። ብቅልን የሚያውቁትን ሰው መጥራትና እውነቱን መንገር። መከራውም እዚህ ላይ ነው። የእትዬ አሰገደች ጠላ ቤት የጅማ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። የቀኛዝማች ዘበኛ እሱባለው በየቀኑ እዚያ ይጠጣል። ለእትዬ አሰገደች የተነገረውን ነገር እሱባለው ሁለተኛውን ጣሳ ሳይጨርስ ይሰማዋል፣ ሦስተኛውን ሳይጀምር መንደራ ያደርሰዋል። ከሊል ቢናገር ቀኛዝማች ሰምተው ያባርሩታል፤ ዝም ቢል መኪናዋ ቆማ ያባርሩታል። ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያለ ለሀጂራ፣ በየትኛው ልጥፋ አላት። ሀጂራ፣ መኪናዋ ብትሄድ ቢያንስ ሥራህን ሠርተህ ትባረራለህ አለችው።

ከሊል በአጥሩ ቀዳዳ ገባ። ቡላውን፣ ሦስተኛዋን እፍኝ ሳይቀር፣ ተናገረ። እትዬ አሰገደች ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ሌላ ቁና ብቅል ያዙና ቀድመውት ወጡ። ሞተሩ ዘንድ ሲደርሱ ጣታቸውን የሚንተከተከው ውሃ አጠገብ አድርሰው ፈጥነው መለሱ።

«በዚህ ውሃ ነው ብቅሌን የፈጃችሁት?» አሉ። «ብቅል ሲፈላ ይሞታል። እሱ የሚወደው፣ ጣት ገብቶ የሚቆጣበት ግን የማይሸሽበት ሙቀት ነው። አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመት ጎረቤቴ ሆነህ ይህን አልጠየቅኸኝም?»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእሳቸው ነበር። ብቅሉን ለብ ከማለት ከፍ ባለ ውሃ በጠበጡት፣ ገለባው እንዳይገባ በሻሽ አጠለሉት፣ በቀስታ አንቆረቆሩት። ሙቀቱ እንዳይሸሽ ሞተሩን በሀጂራ የሠርግ ብርድ ልብስ ጠቀለሉት። በየተወሰነ ጊዜው ጥቂት ያፈሱና አዲስ ሙቅ ይጨምራሉ፤ ጣታቸውን እየነከሩ፣ እንደ ጋን ጠላ እያዳመጡ። ከሊል ከጎናቸው ተንበርክኮ ያ ረቢ ያ ረቢ ይላል። እትዬ አሰገደች ደግሞ ማርያም ማርያም ይላሉ። ሞተሩ ለማን እንደሚታዘዝ ግራ ሳይገባው አልቀረም።

ቀትር አልፎ ሰባት ሰዓት ላይ ከታች የተከፈተው ቀዳዳ ጉርር አለ። መጀመሪያ ወፍራም ወጣ፣ ቀጥሎ ቀጠን አለ፣ በኋላ እንደ አጥሚት ሆኖ ፈሰሰ። አሥር ባልዲ ንጹሕ ውሃ አስከተሉበት። ከሊል ፖምፓዋን ገጠመ፤ ሀጂራ ባበጠ ክንዷ አራተኛውን ብሎን መለሰች። ሞተሩ ተነሳ። መርፌዋ ወደ መሀል መጣችና እዚያው ተቀመጠች። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። ሀጂራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከሊል እትዬ አሰገደችን እስከ አጥሩ ሸኛቸው። «እትዬ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ይህ ነገር ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ» አላቸው።

«አፌን አውቀዋለሁ፤ አልምልልህም ልጄ» አሉና ገቡ።

እሑድ ምላስ ወደ አጋሮ ሄደች። ከሊል ከኋላዋ በጠሃ መኪና፣ አምስት ቆርቆሮ ውሃ ይዞ ተከተለ። መንገዱን ሙሉ ዓይኑን አልነቀለም። ከአጋሮ ሲመለሱ፣ ከየቡ ማዶ ዳገቱ ላይ ከቀይዋ መኪና ነጭ ነገር ሲወጣ አየ። አለቀልኝ ብሎ የጠሃን መሪ ያዘ፤ ገደል ሊከታቸው ነበር። የሙሽራይቱ ዓይነ ርግብ ነው፣ ነፋስ ያነሳው። ሙሽሮቹ መንደራ በሰላም ገቡ። ቀኛዝማች በሩ ላይ ቆመው ከሊልን አዩት፤ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ዳሱ ዞሩ። ከሊል ያንን ነቅነቅታ ይዞ ቤቱ ገባ፤ ልጆቹን አቅፎ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛ።

ሰኞ ጠዋት እሱባለው በሩን አንኳኳ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ቀኛዝማች ግቢው በአሥራ አምስት ቀን ይለቀቅ ብለዋል አለ። ከሊል ስለ ቡላው ሰምተው እንደሆነ በሆዱ ገምቶ ጠየቀው። እሱባለው ስለ ምን ቡላ እንደሚያወራ አልገባውም። መጋዘኑ ከታሰበ ቆይቷል፤ ድንጋዩ ከሠርጉ በፊት ታዟል፤ መኪናዋ ብትሄድም ባትሄድም ግቢው ይፈለግ ነበር አለው። ከቀትር በኋላ ድንጋይ የጫነ መኪና መጥቶ በሩ ላይ ገለበጠ።

ከሊል አልጮኸም። ካቻቢቴውን አነሳና የቤቱን በር ማጠፊያ መፍታት ጀመረ። ሀጂራ ምን እያደረግህ ነው ስትለው፣ መሬቱ የእሳቸው ነው፣ በሩን ግን አባቴ ነው የጠረበው አላት። የበሩን አንድ ጎን አውርዶ፣ ሁለተኛውን መፍታት አቅቶት፣ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። በሩ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ዋለ። ሀጂራ ድስቶቹን በጆንያ ትከታለች። የትም የሚሄዱበት አልነበራቸውም፤ ግን እጅ ሥራ ይፈልጋል።

እሱባለው ከዚያ ወጥቶ የሄደው እትዬ አሰገደች ቤት ነበርና ነገሩን ነገራቸው። እሳቸውም ጣሳውን ከእጁ ተቀበሉ፣ የበዓል ነጠላቸውን ለበሱ፣ በእግራቸው መንደራ ወረዱ። ቀኛዝማች ቤት የአጋሮ አማቾች ለቅልቅል ተሰብስበው ይበላሉ ይጠጣሉ። እትዬ አሰገደች ቀኛዝማችን አንድ ጊዜ ብለው ከዳሱ ጀርባ ጠሯቸው። የሚከተለውን እሱባለው ተከትሏቸው መጥቶ፣ ከዳሱ ምሰሶ ኋላ ሆኖ ሰምቷል፤ እንጀራውን ፈርቶ ዋጠው፤ ለእኔ የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

«ቀኛዝማች» አሉ፣ «ልጅዎ ሙሽራይቱን ያመጣባት መኪና ሆዷን ገንፎ ሞልቶት ነበር። ቅዳሜ በእኔ በጠላ ሻጯ ብቅል ታጥባ ነው አጋሮ የደረሰችው። ለማንም አልተናገርኩም። ከሊል ጎረቤቴ ነው፤ የጎረቤት ገመና ደግሞ ከአጥር አይወጣም። ከዚያ ግቢ የወጣ ዕለት ግን ጎረቤቴ አይደለም።»

ወደ አማቾቹ ጠረጴዛ ዞር ብለው አዩ። ብዙ ነው የመጡት አሉ፤ ሰላም ልበላቸው ይሆን?

ቀኛዝማች ሳይሾሙ በፊት በጀርባቸው ቡና ይሸከሙ ነበር፤ ያኔ ሰው «ወልዴ ጆንያ» ይላቸዋል። ያቺን ስም ለማስረሳት ሃያ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ጅማ ስም ስታወጣ እንደማትቸኩል፣ አንዴ ካወጣች ግን እንደማትመልስ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የአጋሮዎቹ አማቾች ደግሞ በቡና ንግድ የዕድሜ ልክ ተቀናቃኞቻቸው ነበሩ። ቀኛዝማች፣ ይብሉና ይሂዱ፣ ሰላምታው ይቅር አሉ።

ማክሰኞ ድንጋዩ ተመልሶ ተጫነ። መጋዘኑ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር ተሠራ። ከሊል የበሩን ማጠፊያ መልሶ አጠበቀው።

ዳነ ማለት ነው? እኔ እንጃ። ወረቀት ቀድሞም አልነበረውም፣ ከዚያም በኋላ አላገኘም። ቀድሞ ቤቱ የቆመው በአንድ ሽማግሌ ቃል ላይ ነበር፤ አሁን በአንዲት አሮጊት ዝምታ ላይ ሆነ። እትዬ አሰገደች ደግሞ ዝምታ አልለመዱም። ጠላ ቤታቸው ሞቅ ሲል፣ ሳቅ ሲሰማ፣ ከሊል ከአጥሩ ወዲህ ብሎን መፍቻውን ይዞ ይደርቃል። ማለዳ ማለዳ ደጃፋቸው ሄዶ እንዴት አደሩ ይላል። እንጨት ይፈልጣል፣ ጣራ ይደፍናል። ቢያስሉ ማር ይዞ ይሮጣል። ሰፈሩ ይህን ያህል ፍቅር ከየት መጣ እያለ ሲገምት ኖረ፤ የተገመተውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አይቻልም።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት እትዬ አሰገደች ሳንባቸውን ታመሙ። ዝናቡ እየወረደ ከሊል በጀርባው አዝሎ ሆስፒታል ወሰዳቸው። እሳቸውም በጆሮው፣ እያለከለኩ፣ «ከሞትኩ ሳትቀብረኝ ዕቃህን ጫን» ይሉታል። እሱ ጭቃው ውስጥ እየወደቀ እየተነሳ ነበር።

ሦስት ቀን አልጋቸው ሥር ወለሉ ላይ አደረ። በአራተኛው ቀን ሐኪሙ ወጥቶ ይተርፋሉ ሲለው ከሊል መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። አስታማሚዎቹ ልጃቸው መስሏቸው አይዞህ አይዞህ አሉት። እትዬ አሰገደች ከአልጋቸው ላይ ሆነው፣ ለእኔ አይደለም፣ ለግድግዳው ነው የሚያለቅሰው አሉ።

ከሊል ግን በዚያች ሰዓት ስለ ቤቱ አላሰብኩም ብሎ ይምላል። ወላሂ ይላል። ሀጂራ ሲምል ሰምታዋለች፤ እውነት ነው ወይ ብለው ሴቶቹ ሲጠይቋት፣ መጀመሪያ ቤቱን አስቦ ይሆናል፣ ሳንባቸው ሲያፏጭ ጆሮውን ጀርባቸው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ካየሁት በኋላ ግን አልጠየቅሁትም አለች። ከንፈሩን ሳይመጥ ያዳመጠው ያን ቀን ብቻ ነው።